ለሰዱቃዊቷ ፍትሐት ፍለጋ

ከወገዳ የተነሣሁት በታኅሣሥ፣ ሰዉ ገብሱን ወቅቶ ሳይጨርስ ነው። ጉዳዬ አንድ ነበር። የልጅ ልጄ ማስተዋል መካነ ኢየሱስ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ፣ ያለ ፍትሐት ተቀብራለች። ዐርባዋ ሳያልፍ ጸሎቱ እንዲደረስላት ልጠይቅ፣ እምቢ ካሉኝም ምክንያቱን ፊት ለፊት ይንገሩኝ ብዬ ሄድሁ።

እናቷ በወሊድ ስለ ሞተች ማስተዋልን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አስተማሪ ሆና እስቴ ወረዳ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተመደበች። በኅዳር ትኩሳት ያዛት። ሐኪሞቹ ወደ ደብረ ታቦር ውሰዷት አሉ፤ መንገዱ ግን በተኩስ ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት የሚወሰድ ሰው አልነበረም። ስልክም ተቋርጦ ስለነበር መርዶው የደረሰኝ አፈር ከለበሰች በኋላ ነው።

የነገረችኝ አብራት ቤት የተከራየች አስተማሪ ናት። እያለቀሰች፣ «እማማ፣ ከአጥሩ ውጭ ነው የቀበርናት» አለችኝ።

«ምን አድርጋ?»

«የደብሩ አለቃ ሰዱቃዊት ናት አሉ። የሙታንን ትንሣኤ ለካደች ምን ፍትሐት ያስፈልጋታል አሉ።»

ሰዱቃውያንን ከስብከት አውቃቸዋለሁ። ጌታን ስለ ሰባቱ ወንድማማች የጠየቁት ናቸው። አንዲት ሴት ባሏ ሲሞትባት ወንድሙ አገባት፤ እሱም ሲሞት ሌላው፤ እንዲህ እያለች ሰባቱንም አገባች። ሙታን ሲነሡ ታዲያ የማንኛው ሚስት ትሆናለች? አሉ። ይህን ያሉት ትንሣኤ የለም ባዮች ስለሆኑ ነው። እነዚያ የጥንት አይሁድ ከእኔ ልጅ ጋር ምን አገናኛቸው?

አስተማሪዋ አስረዳችኝ። ዓምና ሰንበት ትምህርት ቤቱ በአይሁድ ወገኖች ስም ክርክር አዘጋጅቶ ነበር። አንዱ ቡድን ፈሪሳዊ፣ አንዱ ሰዱቃዊ፣ አንዱ ደግሞ በበረሃ ይኖሩ የነበሩት ኤሴናውያን ሆኖ የወገኑን ሐሳብ ይዞ ይከራከራል። ማስተዋል ለሰዱቃውያን ቆመች፤ አጥብቃም ተከራከረች፤ የረታት ለፈሪሳውያን የቆመ ዲያቆን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው «ሰዱቃዊቷ» ይላት ጀመር። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ከልብ ሆነ።

የንስሐ አባታችን መምሬ ዓለሙ እግራቸውን ከያዛቸው ቆይቷል። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው።

«ለፋሲካ መጥታ ተናዝዛ ቆርባለች» አሉኝ። «እግር ቢኖረኝ ሄጄ እመሰክር ነበር። አንቺ ብቻሽን ብትሄጂ ግን አያት ናት ብለው ይመልሱሻል። እውነታቸውን ነው፤ ዘመድ ለዘመድ አይመሰክርም።»

«ታዲያ ማን ይመስክርላት?»

«ባላጋራዋ። ያን ቀን ፈሪሳዊ ሆኖ የረታት ልጅ አለ አላልሽኝም? እሱን ፈልጊ። ባላጋራ የመሰከረልሽ ነገር አይፈርስም።»

ልጁ ዲያቆን ይትባረክ ይባላል። ከመስከረም ወዲህ ወደ ንፋስ መውጫ ተዛውሮ ታሪክ ያስተምራል። ስለዚህ በቀጥታው መንገድ ወደ እስቴ መውረዴን ትቼ በጋይንት ልዞር ሆነ።

በአይሱዙ ላይ

ከወገዳ የወጣሁት ሽንብራ በጫነ አይሱዙ ነው። ለሽምግልናዬ ሲሉ ጋቢና አስገቡኝ። ከተማውን ሳንለቅ ረዳቱ፣ «እማማ፣ ጋቢና እጥፍ ነው» አለኝ።

«እጥፍ የሚከፍለው በሁለት ቂጥ የሚቀመጥ ነው። እኔ ያለኝ አንድ ነው፤ እሱም ከስቷል» አልሁት።

ሾፌሩ መሪውን ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከላይ ጆንያ ላይ እንደተቀመጡት ከፈልሁ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። እኔም የሣቅሁት ከመርዶው ወዲህ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነው። በየአውድማው በሬዎች እየዞሩ እህል ይረግጣሉ፤ ሰዎቹ ግን እንደ ድሮው አያዜሙም። አንድ ጣሪያው የተነሣ ትምህርት ቤት አየሁ፤ ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታው ሥዕል አለ፤ ከሥሩ ፍየል ታስራለች። እኔ ያን ፊደል የቆጠርሁት ትልቅ ሴት ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ማስተዋል፣ «አያቴ፣ ያየሽውን ጻፊ፤ አንቺ የምትናገሪውን ሌላ ሰው ሲናገረው ጨው ያንሰዋል» ትለኝ ነበር። ይህን የምጽፈውም ለእሷ ቃል ስል ነው።

አርብ ገበያ ሳንደርስ ኬላ አለ። ገመድ የያዙ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ልጆች ናቸው። አንዱ መስኮቴ ሥር መጣ።

«እማማ፣ ወዴት ነው?»

«ለቅሶ።»

«ሁሉም ለቅሶ ነው የሚለው። ማን ሞቶ?»

«የልጅ ልጄ።»

«በምን?»

«ታማ መንገድ አጥታ። እንዲህ ያለ ገመድ አላሳልፍ ብሏት።»

ፊቱን አዞረ። ለጓደኛው በእጁ ምልክት አደረገለት፤ ገመዱን ዝቅ አደረጉልን። አርብ ገበያ ላይ ሌሎቹ ሽሮ ሊበሉ ሲወርዱ እኔ ከቤት የያዝሁትን በሶ በውኃ በጥብጬ ጠጣሁ።

ንፋስ መውጫ

ንፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ከአይሱዙው ስወርድ ነጠላዬን ሊወስደው ነበር። በባጃጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። ይትባረክ ከክፍል ሲወጣ አየኝ፤ ሳልነግረው አወቀኝና እጁ ላይ ያለው ጠመኔ ወደቀ።

«ማስተዋልን ይመስላሉ» አለኝ።

«እሷ ናት እኔን የምትመስለው። ና ቁጭ በል።»

ግቢው ውስጥ ካለ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ቀጭን፣ ጢሙ ገና ያልሞላ ልጅ ነው። ስለ ክርክሩ ከሥሩ ጀምረህ ንገረኝ አልሁት።

«ወገኑን የለየው እጣ ነው» አለ። «ወረቀቱን ጠቅልለን የጣልነው በእኔ ቆብ ውስጥ ነበር። እኔ ፈሪሳዊ ወጣልኝ፤ ለማስተዋል ሰዱቃዊ ደረሳት። ጓደኞቿ እጣው ይደገምልን ብለው ነበር። እሷ ግን እምቢ አለች።»

«ለምን?»

«ሰዱቃውያን የቤተ መቅደሱ ካህናት ወገን ናቸው። ፈሪሳውያን ከአባቶች በቃል የወረስነው ትምህርትም ሕግ ነው ሲሉ፣ እነሱ ሙሴ ከጻፈው ውጭ አንቀበልም ይላሉ። ትንሣኤም መላእክትም የለም ይላሉ ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ማስተዋል እነሱ ራሳቸው የጻፉትን አምጣልኝ አለችኝ። የለም አልኋት። ቤተ መቅደሱ ሲፈርስ አብረው ጠፉ፤ የእነሱ ነው የሚባል መጽሐፍ አልደረሰንም። ስለ እነሱ የምናውቀውን የጻፉልን ሌሎች ናቸው፤ ያውም የሚበዙት ባላጋሮቻቸው።»

«እንግዲያ የተሰማው ከሳሽ ብቻ ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «እሷም ያለችኝ ይህንኑ ነው። ‹ሐሳባቸው ስሕተት ነው፤ ግን በሌሉበት የሚቆምላቸው ሰው ያስፈልጋል፤ የአያቴ ቤት ሕግ ነው› አለችኝ።»

እውነት ነው፤ የቤቴ ሕግ ነው። ልጆች ተጣልተው ሲመጡ አንዱ ከሌለ፣ ከቆሙት መካከል ለሌለው የሚከራከር ሰው ሳልሾም ነገሩን አልሰማም። ማስተዋል ሁልጊዜ ለሌለው እኔ ልቁም ትል ነበር።

«ኤሴናውያንስ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እነሱማ፣ እኛ ዓለምን ንቀን በረሃ የገባን ነን፤ ከከተሜ ጋር አንከራከርም ብለው ቁጭ አሉ። እውነቱን ልንገርዎትና አጥንተው አልመጡም ነበር።»

«አለቃውስ? በዚያ ቀን አልነበሩም?»

ልጁ ጠመኔ የነካውን እጁን በሱሪው ላይ ይጠርግ ጀመር። የደብሩ አለቃ የመጡት ከእጣው በኋላ ነው። ማስተዋል ትንሣኤ የሚል ከሙሴ መጻሕፍት አሳዩኝ እያለች ስትሟገት ደረሱ። ተቆጥተው ንግግሯ እንዳለቀ ወጡ። ከዚያ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር ሁሉንም አስረድቶ ልጆቹ በሙሉ ቆመው ጸሎተ ሃይማኖት ደገሙ። የሙታንን መነሣት ተስፋ የሚያደርገውን ጸሎት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የመራችው ማስተዋል ናት። አለቃው ይህን አላዩም። የነገራቸውም የለም።

«አንተስ?»

«እማማ፣ ለጥምቀት ለቅስና የሚያቀርቡኝ እሳቸው ናቸው። ያሳደጉኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ እሳቸው ናቸው። ከጥምቀት በኋላ ልምጣ።»

«ዐርባዋ ከጥምቀት በፊት ነው።»

ማደሪያ ላሳይዎት አለ፤ ማደሪያ እንዳላጣሁ ነገርሁትና ተነሣሁ። አንዲት እንጀራ ሻጭ ቤት አደርሁ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንጓጓ ሰማሁ፤ ልጁንም ረገምሁት፣ መልሼም እርግማኔን አነሣሁ። እናቱ በሕይወት ካለች እርግማኔ እሷን ነው የሚያገኛት።

ጉና ሥር

በማግሥቱ በሚኒባስ ወደ ደብረ ታቦር ጉዞ ጀመርሁ። ይትባረክ መናኸሪያው ላይ አልነበረም። ጉና ሥር ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ፀሐይ ሲነካው ይጨሳል። ክምር ድንጋይን አለፍ እንዳልን መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል። ወደፊት ተኩስ አለ ተባለ። ሰዉ ወርዶ ፀሐይ መሞቅ ያዘ።

ቅቅል ድንች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ጠዋት አራት በምትሰጥበት ብር ከቀትር በኋላ ሁለት ትሰጥ ጀመር።

«አንቺ ሴት፣ የተዘጋ መንገድ ድንች ያሳንሳል?» አልኋት።

«እናቴ፣ ለእኔስ የሚመጣው እንጨት አልተዘጋም? በምን እቀቅለዋለሁ?»

እውነት አላት፤ ሁለቱን ድንች በሚጥሚጣ በላሁ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከኋላችን ሌላ ሚኒባስ ደረሰ። መጀመሪያ የወረደው ይትባረክ ነው። ጋቢውን አጣፍቶ ዙሪያውን ያያል። ሲያየኝ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ።

«ክፍልህስ?» አልሁት።

«ለጓደኛዬ አደራ ሰጠሁ።»

«ቅስናውስ?»

«እሱን መካነ ኢየሱስ ስንደርስ እናየዋለን። ሌሊቱን አንድ ነገር ብቻ ሳስብ አደርሁ፤ እጣው ቢገለበጥ ኖሮ ለሰዱቃውያን የምከራከረው እኔ ነበርሁ።»

የተዘጋው መንገድ ልጄን ገድሏል፤ ያን ቀን ደግሞ ምስክሯን አደረሰልኝ። መንገዱ ባይዘጋ ቀድሜው ደብረ ታቦርን አልፌ ነበር። ለዚህ ምስጋና ከአፌ አልወጣም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሊመሽ ሲል ተከፈተልን። ደብረ ታቦር አድረን በማግሥቱ በአውቶቡስ መካነ ኢየሱስ ገባን።

መካነ ኢየሱስ

መጀመሪያ የሄድሁት መቃብሯ ዘንድ ነው። ከቅጽሩ በስተውጭ ባሕር ዛፍ ሥር ናት። ድንጋይ ከምረውባታል፤ ጅብ እንዳያወጣት ያደረጉት ተማሪዎቿ ናቸው። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት መቃብሮች መስቀል አላቸው፤ የእሷ የለውም። ድንጋዩን ነክቼ፣ «መጣሁ» አልኋት።

ደብሩን በስም አልጠራም፤ ታቦቱ ምን በደለ። አለቃው ከሰበካ ጉባኤው ሽማግሌዎች ጋር ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ክፉ ሰው ጠብቄ ነበር፤ አልመሰሉኝም። መስቀላቸውን ተሳልሜ የመጣሁበትን ነገርኋቸው።

«እመት ዝማም» አሉኝ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት። መምሬ ዓለሙን አውቃቸዋለሁ፤ ተናዝዛ ቆርባለች ካሉ ቃላቸውን ከእርስዎ አፍ እቀበላለሁ። የክህደቱን ነገር ግን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። በቀብሯ ቀንም ለዚህች ልጅ የሚናገር አለ ወይ ብዬ ጠይቄ አንድ ሰው አልቆመም። እርስዎ ደግሞ አያት ነዎት።»

«ዘመድ እንደማይመሰክር አውቃለሁ። ስለዚህ ባላጋራዋን ይዤ መጥቻለሁ።»

ይትባረክ ከበሩ ጥላ ወጣ። አለቃው ሲያዩት ፊታቸው በራ፤ ልጃቸው ነው። ሲናገር ግን ብርሃኑ ከፊታቸው ቀስ እያለ ሄደ። እጣውን ነገራቸው፤ የገቡበትን ሰዓትና የወጡበትን ነገራቸው። ጸሎተ ሃይማኖቱን ማን እንደመራም ነገራቸው።

«አንተ የነበርህበት ነው?» አሉ አለቃው።

«አጠገቧ ቆሜ ነበር፣ አባቴ።»

«ለምን ያኔ አልነገርኸኝም?»

«መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነው። መሞቷን ስሰማ ደግሞ ፈራሁ። ልደውልልዎ ስልኬን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «እንዲያው ለልጆች ጨዋታ ብለን ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ያደረግነው?» አለ።

አለቃው መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ቆዩ። ኋላ፣ «ፍትሐቱን በዐርባዋ እኔ ራሴ መቃብሯ ላይ ቆሜ አደርሰዋለሁ» አሉ። «ሬሳውን ግን አሁን ማንሣት አይቻልም። ዓመታት አልፈው ዐፅም ሲሆን ያን ጊዜ ወደ ውስጥ ይፈልሳል።»

«እኔ እስከዚያ የምኖር ይመስልዎታል?»

«አላውቅም፣ እመት።»

ከዚያ ወደ ይትባረክ ዞሩ። «ለጥምቀት ያሰብነው ይቆይ። እውነትን በፍርሃት ያሳደረ ሰው ላይ አሁን እጅ ይጫንበት ብዬ ማቅረብ አልችልም።» ልጁ ራሱን ዝቅ አድርጎ መሬት ሳመ።

እኔ ግን አላስችል አለኝ። «አለቃ፣ ይህ አልተካከለም» አልሁ። «ዝም ያለው ይቀጣ፤ እሺ። ሳይሰማ የፈረደውስ? ክርክሩ መሃል ላይ ገብቶ መሃል ላይ የወጣ ዳኛ ምን ይባላል?»

«ኧረ እመት! ከአለቃ ጋር እንዲህ አይነጋገሩም!» አለ ሽማግሌው።

«ልጄን ከአጥር ውጭ አስተኝቼ በምን አፌ ዝም ልበል?»

«ተዋቸው» አሉ አለቃው። «ያሉት እውነት ነው። እሑድ በዐውደ ምሕረት እናገራለሁ።»

እሑድ ተናገሩ። አጭር ነበር። ማስተዋል የተባለችው አስተማሪ ክርስቲያን እንደነበረች፣ ሳይጣራ እንደ ተፈረደባት፣ ፈራጁም እሳቸው እንደሆኑ ነገሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። የሚበዛው ሰው ጫማውን እያጠለቀ ነበር፤ ግማሹ አልሰማም። «ሰዱቃዊቷ» እያለ ከተማውን ያዳረሰው ሰው ሁሉ ጸበሉን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እሱን የሚቀጣው የለም።

ዐርባዋ

በዐርባዋ ጠዋት አለቃው ካህናቱን አስከትለው ከቅጽሩ ወጡ። ዕጣን አጠኑ፤ ፍትሐቱን ሳያሳጥሩ አደረሱ። ተማሪዎቿ ከቁልቁለቱ ላይ ቆመው ነበር። ይትባረክ ዲያቆን ሆኖ አገለገለ።

እኔ ጸሎቱ እየተደረሰ ስለዚያች ስለ ሰባቱ ወንድማማች ሚስት ሳስብ ቆየሁ። ሰዱቃውያን የማን ሚስት ትሆናለች ብለው ጠየቁባት። ፈሪሳውያን መልሱን ሰምተው ባላጋሮቻቸው አፍ በመዘጋቱ ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ጌታ ጥያቄውን መለሰ እንጂ ጠያቂዎቹን ከደጁ አላባረረም። እሷ ግን ሰባት ባል ከቀበረች በኋላ መጨረሻ ላይ ሞተች ይባላል፤ ያበቃል። ባል አልቀረላት፤ ልጅም አልወለደች። ማን ቀበራት? ማን አለቀሰላት? ያን ሁሉ ዘመን ሲከራከሩባት ይህን የጠየቀ አልሰማሁም።

መልስ

ከእስቴ ወደ እኛ ወረዳ ወደ ስማዳ የሚያመጣው መንገድ ስለተከፈተ በቀጥታ ተመለስሁ። ወገዳ ስገባ አውድማው ሁሉ ተጠርጎ ባዶ ሆኗል። መምሬ ዓለሙ አልጋቸው ላይ ሆነው ጠበቁኝ።

«ምን አገኘሽ?» አሉኝ።

«ተፈትታለች። ግን አሁንም ውጭ ናት።»

«ልጁስ?»

«ቅስናው ቆየበት። ነገም ቢሆን እመሰክራለሁ አለኝ።»

መምሬ አለቀሱ። እኔ እንባዬን መንገድ ላይ ጨርሼው ነበር።

ከጉዞዬ የተማርሁት ብዙ አይደለም። ለተሳሳተ ሰው የቆመ ሁሉ እሱ ራሱ ተሳሳተ ማለት አይደለም፤ ሰው ግን ይህን መለየት ይከብደዋል፤ አለመለየቱም የሞተን ሰው ከአጥር ያስወጣል።

ባለፈው ሳምንት የእኛ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ወደ ቤቴ መጡ። ለዐቢይ ጾም ክርክር አስበው ነበር፤ የማስተዋልን ነገር ሰምተው ፈርተዋል። «እንተወው ይሆን፣ እማማ?» አሉኝ።

አትተዉት አልኋቸው። እጣውን ሕዝቡ ፊት አውጡ፤ ሰዱቃዊ የደረሰው ሰው ክርስትና ስሙን ጮክ ብሎ ይናገር፤ መጨረሻ ላይ ሁላችሁም ቆማችሁ ጸሎተ ሃይማኖት ድገሙ። በሩን ለእኔ ተዉልኝ። በርጩማዬንና ዱላዬን ይዤ እመጣለሁ። ቄስ ይሁን አለቃ፣ መሃል ላይ የሚገባ የለም፤ ሳያልቅም የሚወጣ የለም።